እጄ ሳይነካው የተደፈነው ቀዳዳ

ሁለት እጆቼን በነጠላዬ ውስጥ ቋጥሬ፣ አንዲት ፊደል ሳልነካ፣ ሰርቨር ጠግኜ አውቃለሁ። ይህን የነገርኳቸው የሙያ ጓደኞቼ ይስቃሉ። እናንተም ብትስቁ አልቀየምም፤ እኔ ግን ያን ቀን አልሳቅኩም። ነገሩ ጠዋት ተጀምሮ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ አለቀ። እኔን ግን እንደነበርኩ አልተወኝም።

ያኔ ማን እንደነበርኩ በአጭሩ ልንገራችሁ። እታገኝ እባላለሁ። የተወለድኩት ዘመሮ አጠገብ ነው፤ አባቴ ቄስ ናቸው። ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር ተምሬ እዚያው መንዝ ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ የሙያ ማሰልጠኛ ተቀጠርኩ። ሥራዬ ሰርቨሩን መጠበቅ ነበር። የግቢው ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚገናኙበት፣ የተማሪው ሁሉ ውጤት የተቀመጠበት ዋና ኮምፒውተር ማለት ነው። ቀድሞ የኖራና የመጥረጊያ ዕቃ ቤት በነበረች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። የክፍሏን ቁልፍ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አስሬው ነበር የምውለው። ብቻዬን መሥራት እወዳለሁ፤ ሰው ሲያግዘኝ ሥራ የበዛብኝ ይመስለኛል። በግቢው «ግትሯ» ይሉኝ ነበር፤ ያለ ምክንያት አልነበረም።

የማሰልጠኛው ኃላፊ አቶ ጌታነህ በሰርቨሩ በጣም ይኮሩ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ክፍሏ ይዘውት ይመጡና «መብራት ቢሄድም ባትሪ ስላለው፣ ከተመረቀ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ጠፍቶ አያውቅም» ይሉታል። እንግዳውም ነገሩ ባይገባውም በአድናቆት ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ጥርሴን እነክሳለሁ።

ለምን ጥርሴን እንደምነክስ ላስረዳችሁ። በሰርቨር ውስጥ ከሁሉ በታች ሆኖ ሌላውን ሁሉ የሚያዝ አንድ ፕሮግራም አለ፤ ከርነል ይባላል። ማን ምን ማየት፣ ማን ምን መንካት እንደሚችል የሚፈቅደውና የሚከለክለው እሱ ነው። ሰው የጻፈው ስለሆነ ቀዳዳ አያጣም። ቀዳዳ ሲገኝ ሠሪዎቹ ለዓለም ሁሉ ያሳውቃሉ፤ መጣፊያውንም አብረው ያወጣሉ። የእኛው ዓይነት ሰርቨር ግን መጣፊያው ስለተጫነ ብቻ አይድንም፤ ጠፍቶ መነሳት አለበት። እንግዲህ ጠፍቶ የማያውቅ ማለት ተጥፎ የማያውቅ ማለት ነው። አቶ ጌታነህ እንግዳ እየጠሩ የሚያስጎበኙት ይህንን ነበር።

በዚያ ሰሞን ከባድ ቀዳዳ መገኘቱ ተነገረ። ተራ የይለፍ ቃል ያለው ማንኛውም ሰው በዚያ በኩል ሾልኮ «ሩት» መሆን ይችላል። ሩት የሰርቨሩ ጌታ ነው፤ የማይከፍተው፣ የማይሰርዘው፣ የማይለውጠው ነገር የለም። ወዲያው ለአቶ ጌታነህ ሄጄ ነገርኳቸው።

«ለምን ያህል ጊዜ ይጠፋል?» አሉኝ።

«ከተሳካ ለጥቂት ደቂቃ ነው።»

«ካልተሳካስ?»

ዝም አልኩ። ማሽኑ አርጅቷል፤ አልነሳም ሊል እንደሚችል አውቃለሁ።

«ተማሪ ልናስመርቅ ነው፣ እታገኝ። የሚሠራ ነገር አይነካም» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ብዙም ሳይቆይ የተመራቂዎቹ ውጤት ተለውጦ ተገኘ። የወደቁት አልፈዋል፤ ጭራሽ ደህና ያለፉት ወድቀዋል። ወላጅ ከሞላሌም ከመሐል ሜዳም በሚኒባስ እየተጫነ መጣ። ፖሊስ የሰርቨሩን ሙሉ ቅጂ ወሰደ፤ መርማሪ ባለሙያ ከሩቅ እስኪመጣ ግን ታገሡ ተባለ። ሰው መታገሥ አልቻለም። ውጤቱ ያለው አንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ የክፍሏ ቁልፍ አንዲት ሴት አንገት ላይ ነው። ከዚህ በላይ ምን ምርመራ ያስፈልጋል? አቶ ጌታነህም ሲጠየቁ «ቁልፉ ከእታገኝ በቀር በማንም እጅ የለም» አሉ። ሐሰት አልተናገሩም። እኔም ሰርቨሩ ጋ ድርሽ እንዳልል ተከለከልኩ፤ ቁልፉን ግን ከአንገቴ ያወለቀ አልነበረም።

በዚህ መሀል ሽማግሌዎች ገቡና አውጫጭ ተጠራ። ለማታውቁት፦ አንድ ነገር ሲሰረቅ የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል። ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን ይናገራል፤ የተጠረጠረ ይምላል። ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ተነስቶ የሚሄድ የለም። ሌባው ካልተገኘ ደግሞ የጠፋውን አገሩ በጋራ ይክሳል። ይህችን የመጨረሻዋን ያዙልኝ።

የእኔ ጣጣ መሐላው ነበር። አያቴ በወሰን ክርክር እውነቱን ይዘው ማሉ፤ መሬቱንም አገኙ። ዓመት ሳይሞላ ግን ከአባቴ በቀር ልጆቻቸውን አከታትለው ቀበሩ። ይህ ከመሐላው ጋር ይያያዝ አይያያዝ እኔ አላውቅም። አባቴ ግን ያውቃሉ። በእኛ ቤት ከዚያ ወዲህ ለእውነትም ቢሆን አይማልም። የአውጫጩ ዕለት ጠዋት ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ነክተሻል?»

«አልነካሁም፣ አባባ።»

«እንዳትምይ።»

«ካልማልኩ ሌባ ይሉኛል እኮ።»

«ይበሉሽ። ስም ይታደሳል። መሐላ ከአፍ ከወጣ አይመለስም።»

ስልኩን ዘጉት። እንዲህ ሆኜ ነው ወደ ሜዳው የወጣሁት፤ ካልማልኩ ሌባ ነኝ፣ ከማልኩ የአባቴን ቤት ደፍሬያለሁ።

ጉሙ ገና አልተነሳም ነበር። መምህራኑ፣ የቢሮ ሠራተኞቹ፣ የጽዳት ሴቶቹ፣ ዘበኛው፣ የወላጅ ተወካዮች በጽዱ ዛፍ ሥር በሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ጋሽ ሸዋንግዛው ናቸው፤ በርኖሳቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን እግራቸው ሥር አስተኝተዋል። በመንዝ ብዙ የደም ነገር ያስታረቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ኮምፒውተር ግን ነክተው አያውቁም።

«ያየህ ተናገር፣ የሰማህ አትደብቅ» አሉ። «ከዚህ ሜዳ ነገሩን ሳናወጣ አንነሳም።»

ሁሉም በተራው «አላየሁም፣ አልሰማሁም» አለ። ዘበኛው ጋሽ ባዩ ብቻ ነው ነገር ያስረዘሙት። «በሩ በማንም ሲከፈት አላየሁም። ይቺ ልጅ ቁልፉን ለሰው አትሰጥም። አይጥ ገብቷል ብዬ ብለምናት እንኳ አልሰጠችኝም።» ሰው ሳቀ። ጋሽ ባዩ እኔን ማመስገናቸው ነበር፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን ሁሉም ዞሮ አንገቴን አየ።

ተራዬ ደረሰ።

«እታገኝ፣ ይህን ነገር አድርገሻል?»

«አላደረግኩም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያስ ማይ።»

«አልምልም።»

ከወላጆቹ አንዷ «የቄስ ልጅ አይደለችም እንዴ? እውነት ካላት ምን ያስፈራታል?» አሉ።

«የቄስ ልጅ ስለሆንኩ ነው» አልኩ። ድምፄ ደህና ወጣ። ግን ፈርቼ ነበር።

ጋሽ ሸዋንግዛው ትክ ብለው አዩኝ። «አልምልም ያለ ሰው ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። ከምምል ግን ላሳይዎት። በሩ ሳይከፈት፣ ቁልፍ ሳይነካ እንዴት እንደሚገባ አሳያለሁ። ደግሞ፣ ጋሼ፣ እኛ እዚህ ተቀምጠን ሌባው የገባበት ቀዳዳ አሁንም ክፍት ነው። በዚች ሰዓት ተመልሶ ቢገባ የሚከለክለው የለም።»

አቶ ጌታነህ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። «ማስረጃ ልታጠፋ ነው! አትነካውም!»

«ልክ ነህ» አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው። አቶ ጌታነህን ከልጅነታቸው ጀምሮ ስለሚያውቋቸው አንቱ አይሏቸውም። «በተካሰሱበት ከብት ላይ ተከሳሽ እጁን አያሳርፍም። ግን ከሩቅ ቆሞ ምልክቱን መናገር ይፈቀድለታል። ይቺም ልጅ እጇን ትሰብስብና በአፏ ትናገር፤ እጁን ሌላ ሰው ያውሳት።»

«ማን?» አለ አንዱ መምህር።

«አትነካውም ያለው እሱ ነው። እሱው ይንካው።»

ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ለጋሽ ባዩ ሰጠሁ። ክፍሏ ውስጥ ከአንድ በርጩማና ከአንድ ወንበር በላይ አይገባም። በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ፤ ጋሽ ሸዋንግዛው ነጠላዬን አጣፍተው እጆቼን ከውስጥ እንድቋጥር አዘዙኝ። አቶ ጌታነህ ከሰርቨሩ ስክሪን ፊት ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ ከኋላችን ቆሙ። ጋሽ ባዩ ደጃፉ ላይ ሆነው የሚሆነውን እየጮኹ ለሜዳው ማስተላለፍ ጀመሩ፤ ማንም አላዘዛቸውም።

«በራስዎ ስም ይግቡ» አልኳቸው። አንድ ኮርስ ስለሚያስተምሩ እንደማንኛውም መምህር ተራ የይለፍ ቃል አላቸው። ሲጽፉ ሁላችንም ፊታችንን አዞርን። «አሁን የውጤቱን ፋይል ለመክፈት ይሞክሩ።»

«አልተፈቀደም ይላል።»

«ደህና። የከለከለዎት ከርነሉ ነው።»

ቀዳዳውን የመረመሩ ሰዎች፣ ባለሙያ ሁሉ የራሱን ሰርቨር እንዲፈትሽበት ያወጡት አጭር ፕሮግራም ነበር። ደጋግሜ ስላነበብኩት በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ፊደል በፊደል ነግሬ አስጻፍኳቸው። አቶ ጌታነህ የሚጽፉት በሁለት ጣት ነው። አንዷን ፊደል ይፈልጋሉ፣ ያገኛሉ፣ ይጫናሉ፣ ቀና ብለው ያያሉ፤ ይሳሳታሉ፤ እንደገና። በሕይወቴ እንደዚያ ተሰቃይቼ አላውቅም። ሳላስበው ነጠላው ውስጥ ጣቶቼ ይጽፉ ነበር።

«እጅ!» አሉኝ ጋሽ ሸዋንግዛው።

ሰብሰብ አልኩ። የመጨረሻውን ቁልፍ ተጫኑ። ስክሪኑ ላይ ምንም የተለየ ነገር አልታየም።

«አሁን ማን ነኝ ብለው ይጠይቁት» አልኩና ትእዛዙን ነገርኳቸው።

ጻፉ። መልሱን አነበቡ።

«ምን ይላል?» አሉ ሽማግሌው።

«ሩት ይላል።»

«ምን ማለት ነው?»

አቶ ጌታነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጌታው እኔ ነኝ ማለት ነው።»

«ገቡበት!» አሉ ጋሽ ባዩ ወደ ሜዳው። «አቶ ጌታነህ ገቡበት!» ከውጭ ጉምጉምታ ተሰማ።

ጋሽ ሸዋንግዛው ወደ አቶ ጌታነህ ጠጋ አሉ። «የይለፍ ቃሏን ሰጠችህ?»

«አልሰጠችኝም።»

«የዚህ ክፍል ቁልፍ ባይኖርህስ፣ ከሌላ ክፍል ሆነህ ይህን ታደርገው ነበር?»

አቶ ጌታነህ ወደ እኔ ዞሩ። «ከየትኛውም የግቢው ኮምፒውተር ይቻላል» አልኩ። «የአንዱን መምህር የይለፍ ቃል የሰረቀ ሰው ደግሞ ከሌላ አገር ሆኖም ይችላል።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ለእኔ መዳኛዬ ያ ነበር፤ እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ቀዳዳው ግን ክፍት ነው፣ እሱን መድፈን ደግሞ ሥራዬ ነው።

«አሁን ከውስጥ ይዝጉት» አልኳቸው። «ሩት ስለሆኑ የእኔ የይለፍ ቃል አያስፈልግዎትም። በሌባው በር ገብተዋል፤ እዚያው ሆነው ይጣፉት።»

የመጣፊያውን ማውረጃ ትእዛዝ አስጻፍኳቸው። ኔትወርኩ ቀርፋፋ ነው፤ ጠበቅን። ስክሪኑ ላይ መስመሮች እየተደራረቡ ወረዱ፣ ከዚያ ቆሙ። የቀረው ማጥፋትና ማስነሳት ብቻ ነበር። ስድስት ፊደል ናት። ስድስቱንም ጻፉና ጣታቸው አየር ላይ ቀረ።

«ካልተነሳስ?» አሉኝ። ያኔ በቢሮአቸው የጠየቁኝ ጥያቄ ነው፤ ድምፃቸው ግን የያኔው አልነበረም።

ያን ጊዜ ዝም ብዬ ነበር፤ አሁን መለስኩ። «ካልተነሳ ፖሊስ የወሰደው ቅጂ አለ፤ እኔም የማደርገው አይጠፋኝም። ይነሳል ብዬ ግን አልምልም።»

ጋሽ ሸዋንግዛው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «ተጫነው እንግዲህ» አሉ።

ተጫኑት። የማሽኑ ድምፅ ወረደ፣ ወረደና ቆመ። ዓመታት ያለማቋረጥ የጮኸች ክፍል ናት፤ ጸጥ ብላ ሳውቃት ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ተሰማ።

«ሞተ!» አሉ ጋሽ ባዩ።

ከሜዳው አንዲት እናት «ወይኔ ልጄን!» ብለው ጮኹ። አቶ ጌታነህ ላብ በላብ ሆነዋል፤ በዚያ ብርድ። ማሽኑ እንደገና ማጉረምረም ጀመረ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጭ ፊደሎች ወጡ፤ ጥቂት መስመር ሄደና ደግሞ ቀጥ አለ። ዲስኩን እየፈተሸ እንደሆነ አውቃለሁ። አውቃለሁ ማለት ግን አልፈራም ማለት አይደለም። ባይነሳ ከሌብነት ወጥቼ ወደ አጥፊነት መግባቴ ነው። እጄን አውጥቼ ማሽኑን መንካት አማረኝ፤ መንካቴ ምንም እንደማይረዳው እያወቅኩ። ነጠላውን ከውስጥ ጨብጬ ተቀመጥኩ።

ሲቆይ መስመሮቹ ተንቀሳቀሱ።

«ስም ይጠይቃል» አሉ አቶ ጌታነህ በሹክሹክታ።

«በራስዎ ስም ይግቡ። ያንኑ ፕሮግራም ይሞክሩት።»

ሞከሩ። «አልተፈቀደም።» ሳልነግራቸው ደግመው ሞከሩ። «አልተፈቀደም።» ክልከላን እንደዚያ በደስታ ያነበበ ሰው አላየሁም።

«ተዘጋ!» አሉ ጋሽ ባዩ፤ ሜዳው እልል አለ።

ወደ ሜዳው ተመለስን። ያለቀ መስሎኝ ነበር። ጋሽ ሸዋንግዛው ግን ሲቀመጡ አንድ ጥያቄ ቀርቷቸው ነበር።

«እታገኝ፣ ይህ ቀዳዳ መኖሩ ከስርቆቱ በፊት ይታወቅ ነበር?»

«ይታወቅ ነበር።»

«አንቺስ ለማን ተናገርሽ?»

መልሱ አንድ ስም ነው፤ እውነትም ነው። ግን በዚያ ሰሞን አንዲት እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ሰውን ከሥሩ ስትነቅል በራሴ አይቻለሁ፤ ቁልፉ ከእታገኝ በቀር በማንም እጅ የለም። ያን ያደረገብኝን ሰው በዚያው መንገድ መጣል ቀላል ነበር። ስሙን ግን አልጠራሁም። ደግነት እንዳይመስላችሁ፤ ምን እንደያዘኝ ለራሴም አልገባኝም።

ሣሩን ከሱሪያቸው እያራገፉ አቶ ጌታነህ ተነሱ። «ለእኔ ነግራኛለች» አሉ። «የሚሠራ ነገር አይነካም ብዬ የከለከልኳት እኔ ነኝ።» ተመልሰው አልተቀመጡም። ፍርዱን ቆመው ጠበቁ።

ሽማግሌዎቹ ራቅ ብለው ተማከሩና መጡ። «ሌባውን ፖሊስ ይፈልገው» አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው። «የእኛ ሕግ ግን ግልጽ ነው። ሌባው ካልተገኘ አገር ይክሳል። የጠፋው የልጆች ልፋት ነው፤ በልፋት ይከፈላል። መምህሩ ያረመውን ፈተና ያውጣ። በዚህ ግቢ እንጀራ የሚበላ ሁሉ ይቀመጥና የእያንዳንዱን ልጅ ውጤት አንዱ እያነበበ፣ አንዱ እየጻፈ ይመልስ።»

«እታገኝም?» አለ አንዱ።

«አገር ውስጥ አይደለችም እንዴ?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተናደድኩ። ያልሰረቅኩትን፣ ዘግቼም ያሳየሁትን፣ ከሰው እኩል ክፈይ መባሌ አቃጠለኝ። ተቀምጬ ግን ከፈልኩ። እጣዬ ከአቶ ጌታነህ ጋር ሆነ፤ እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው በሁለት ጣታቸው ይጽፋሉ። ስለ ቀዳዳውም ስለ ቁልፉም አንድ ቃል አላነሳንም። ያን ስንጨርስ ግን ከዚያ ግቢ ሰው አንዱም በሌባ ዓይን እንደማያየኝ አወቅኩ። አብሮ የከፈለን ሰው ማን ይጠረጥራል? ብቻዬን ነጻ ብለው ቢያሰናብቱኝ ኖሮ ጥርጣሬው በየጓዳው ይከተለኝ ነበር።

ፖሊስ ኋላ ላይ የአንድ መምህር የይለፍ ቃል ተሰርቆ እንደነበር ደረሰበት። የሰረቀውን ሰው እስከ ዛሬ አላወቅነውም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ዘመሮ ወረድኩ። አባቴ ወሬው ደርሷቸዋል፤ ነጻ ወጣሽ ወይ ብለው አልጠየቁኝም።

«ማልሽ?»

«አልማልኩም።»

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።»

«እሱ ይከብዳል» አሉኝ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን በፊት አደራ ማለት ቁልፍን አንገት ላይ ማሰር ይመስለኝ ነበር። ብቻዬን የያዝኩት ነገር ሲጎድል መስካሪዬም መሐላ ብቻ እንደሚሆን አላሰብኩም ነበር። ዛሬ ቁልፉ ቢሮ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ሚስማር ላይ ነው። መጣፊያ ሲወጣ ብቻዬን አልጭነውም፤ እኔ እናገራለሁ፣ ሌላ ሰው ይጽፋል፣ ሦስተኛ ሰው ያያል። ይዘገያል። ግትርነቴ አለቀ አልልም፤ አሁንም የሰው ጣት ሲዘገይ እጄን ይበላኛል። ያኔ ነጠላዬን እሰበስባለሁ።

አቶ ጌታነህ አሁንም እንግዳ ሲመጣ ወደ ክፍሏ ይዘውት ይመጣሉ። እኔም እንደ ድሮው ጥግ ላይ እቆማለሁ። ደረታቸውን ነፋ አድርገው በማሽኑ ላይ እጃቸውን ያሳርፉና «ባለፈው ሳምንት አጥፍተን አስነሳነው» ይሉታል። እንግዳው ምን እንደሚያደንቅ ግራ ይገባዋል።